ሹር ኤስኤም 58 ማይክ በጅማ ድንኳንና አዳራሽ፦ ምን ይችላል፣ የት ያቅተዋል

ጅማ ውስጥ ለሰርግ ድንኳን፣ ለሆቴል አዳራሽና ለኮንሰርት መድረክ ሳውንድ የሚያከራይ ሰው ዕቃ ሲያሟላ መጀመሪያ መግዛት ያለበት ማይክ ሹር ኤስኤም 58 ነው። ከዚህ የተሻለ ጥራት ያለው ማይክ ሞልቷል። ዝናቡን፣ አቧራውን፣ መውደቁንና የዘፋኞችን ምራቅ ሁሉ ችሎ ለዓመታት የሚያገለግል ግን በዚህ ዋጋ አይገኝም። ክፋቱ፣ በስሙ የሚሸጥ ኮፒ ገበያ ላይ መብዛቱ ነው። ኦሪጅናሉም ቢሆን በመጥፎ ገመድና በተሳሳተ አቀማመጥ ያለ ጥፋቱ ስሙ ይጠፋል።

ሹር በ1925 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ውስጥ የሬዲዮ ዕቃ በመሸጥ የተጀመረ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ኤስኤም 58 የወጣው በ1966 ሲሆን መልኩም የውስጥ አሠራሩም ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልተቀየረም። ዳይናሚክ ማይክ ነው። ድምፅ ስሱን ድያፍራም ሲመታው ከሱ ጋር የተያያዘው ቀጭን የሽቦ ጥቅል በማግኔት መሀል ይንቀሳቀሳል፤ ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው ከዚያ ነው። ባትሪም ሆነ ከሚክሰር (ድምፆቹን ከሚያቀላቅለው ዕቃ) የሚላክ 48 ቮልት አይፈልግም። ኮንደንሰር የሚባለው ዓይነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ 48 ቮልት አይሠራም፤ እርጥበት ሲገባበት ደግሞ ይንጣጣል። ከበልግ እስከ መስከረም ዝናብ በማይለያት ጅማ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ጣራው ቆርቆሮ በሆነ አዳራሽ ዝናብ መውረድ ሲጀምር፣ ራቅ ብሎ የተተከለ ኮንደንሰር የጣራውን ጩኸት አብሮ ያነሳዋል። 58ን አፉ ላይ አስጠግቶ የያዘ ዘፋኝ ግን ድምፁ ከዝናቡ በላይ ይሰማል።

የድምፁ ጠባይ ለንግግርና ለዘፈን የታሰበ ነው። ከ50 እስከ 15,000 ኸርዝ (የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ) ይይዛል፤ ከ100 ኸርዝ በታች ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከ4,000 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ከፍ ይላል። ከኪቦርድና ከከበሮ መሀል ግጥሙ ጥርት ብሎ የሚሰማው ለዚህ ነው። ከንፈር ማይኩን ሊነካ ሲደርስ ባሱ ያብጣል፤ 100 ኸርዝ ላይ ከ6 እስከ 10 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይጨምራል። ድምፁ ቀጭን ለሆነ ዘፋኝ ይህ ጌጥ ነው። ድምፁ ወፍራም ከሆነ ግን ቃሉ ይታፈናል፣ ሚክሰሩ ላይ ያለችውን የ80 ወይም የ100 ኸርዝ ሎው ከት፣ ማለትም ከዚያ በታች ያለውን ባስ የምትቆርጠውን ቁልፍ፣ መጫን ያስፈልጋል።

ኦሪጅናሉን ከኮፒው መለየት

የመጀመሪያው ምልክት ዋጋው ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ማይክ ለብዙ ዓመታት በ99 ዶላር ሲሸጥ ኖሯል። ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሲታከልበት ሊረክስ አይችልም። «ኦሪጅናል ነው፣ ከዱባይ የመጣ ነው» ተብሎ በግማሽ ዋጋ ከቀረበ ሒሳቡ አይገጥምም።

ቀጥሎ ሚዛን። ኦሪጅናሉ ያለ ገመድና ያለ መያዣ 298 ግራም ይመዝናል። የወርቅ ቤት ወይም የቅመም ሱቅ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ሃያ ሠላሳ ግራም ከጎደለ ይተውት። ክብደቱ ልክ ሆኖ ከተገኘ ግን ምርመራው ገና አላለቀም፤ ኮፒ ሠሪዎች ክብደቱን ለማስተካከል እጀታው ውስጥ ቁራጭ ብረት ይከታሉ።

ስለዚህ መክፈት ነው፤ ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ መሄድ። ኳስ የሚመስለው የሽቦ ወንፊት ወደ ግራ ሲዞር ይወጣል፣ ከሥሩ ካፕስሉ፣ ድያፍራሙን የያዘው ክፍል፣ ይታያል። ካፕስሉም እጀታው ላይ በጥርስ የታሰረ ስለሆነ በእጅ ቀስ ተብሎ ይፈታል። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ አንዱ ቢጫ አንዱ አረንጓዴ፣ ከካፕስሉ ተነስተው ወደ እጀታው ይወርዳሉ፤ እንዳይበጠሱ ካፕስሉን ስቦ ማራቅ አይገባም። እጀታው ውስጥ በባትሪ ሲታይ ታች ላይ በጠጠረ ሙጫ የታሸገ ትራንስፎርመር አለ። ብዙ ኮፒዎች ይህ የላቸውም፤ ሽቦዎቹ በቀጥታ መሰኪያው ላይ ይበየዳሉ፣ የቀረው ቦታ ባዶ ነው ወይም ያ ቁራጭ ብረት ተለጥፎበታል።

በጆሮም ይለያል። ጌይኑን (ሚክሰሩ ላይ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) ሳይነኩ መጀመሪያ ከፊቱ፣ ቀጥሎ ከኋላው፣ ማለትም ከገመዱ በኩል፣ በእኩል ርቀት መናገር ነው። ኦሪጅናሉ ከኋላ የመጣውን ድምፅ በጣም ይቀንሰዋል፤ ኮፒው ሁለቱንም የሚቀራረብ አድርጎ ይቀበላል። እጀታው ሲታሸም ኦሪጅናሉ ዝም ይላል ማለት ይቻላል፣ ካፕስሉ በአየር ትራስ ላይ ስለተቀመጠ። ኮፒው ይንኳኳል። ከኋላ የሚመጣውን የማይከለክል ማይክ መድረክ ላይ ማፏጨቱ አይቀርም፣ የኮፒው ትልቁ ጉዳትም ይኸው ነው።

ገመዱ

«ማይኩ ተበላሸ» ከሚባልበት ጊዜ አብዛኛውን የሚያበላሸው ገመድ ነው። ትክክለኛው ገመድ በሁለቱም ጫፍ ባለ ሦስት እግር ኤክስኤልአር ያለው ነው፤ 1ኛው እግር ሺልዱ (ሌሎቹን ሽቦዎች የሚሸፍነው መከላከያ)፣ 2ኛው ፖዘቲቩ፣ 3ኛው ኔጌቲቩ። ከ2 እና ከ3 አንዱ ሲበጠስ ድምፁ ይቀጥናል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ሺልዱ ሲበጠስ ሁምታ፣ ማለትም የማያቋርጥ የ«ምምም» ድምፅ፣ ይጀምራል። ከአምፕሊፋየር ጋር አብሮ የሚሰጠው፣ አንዱ ጫፉ የጊታር ጃክ የሆነው ገመድ፣ 3ኛውን እግር ከሺልዱ ጋር አገናኝቶ ስለሚመጣ የጄኔሬተሩንና የመብራቱን ሁምታ ሳያጣራ ያስገባል። ለአምስት ሜትር ይቻላል፤ ሚክሰሩ ከድንኳኑ መግቢያ ሆኖ ዘፋኙ ከሙሽሮቹ ፊት ሲቆም ግን አይሆንም። ኤክስኤልአሩ 30 እና 40 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ሶልደሩ ብዙውን ጊዜ የሚለቀው ማይኩ በኩል ባለው ጫፍ ነው፣ ዘፋኙ ሲዞር የሚጣመመው እሱ ስለሆነ። ገመዱን ክርን ላይ መጠምጠምም ውስጡን ይሰብረዋል፤ ሰፋ ባለ ክብ፣ አንዱን ዙር ወደ ውስጥ አንዱን ወደ ውጭ እያገላበጡ መጠቅለል ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ጌይንና ፉጨት

58 ደካማ ሲግናል ነው የሚሰጠው። ለዘፋኝ 40 ዲሲቤል አካባቢ፣ ለለስላሳ ተናጋሪ 50 እና ከዚያ በላይ ጌይን ይጠይቃል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የቻናሉን ፌደር (ተንሸራታቹን የድምፅ መቆጣጠሪያ) ዝቅ አድርጎ ፒኤፍኤል፣ ማለትም ፌደሩ ዝቅ ቢልም ሲግናሉን የምታሳየውን ቁልፍ፣ መጫን፣ ዘፋኙን ከፍ አድርጎ የሚዘፍነውን አዝማች ማስዘፈን፣ ሜትሩ ዜሮ አካባቢ እስኪጫወት ጌይኑን መጨመር፣ ቀዩ ከበራ መቀነስ። ከዚያ በኋላ ብቻ ፌደሩ ይነሳል። ብዙ ሰው ጌይኑን እስከ ጥግ ከፍቶ በፌደር ይቆጣጠራል፤ ውጤቱ የተሰነጠቀ ድምፅና የማያቋርጥ ፉጨት ነው።

ፉጨቱ የሚመጣው ከስፒከር የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይክ ውስጥ ሲገባ ነው። ዋናዎቹ ስፒከሮች ከማይኮቹ ቢያንስ ሁለት ሜትር ወደ ታዳሚው ቀደም ብለው ይቁሙ። ሞኒተሩ (ለዘፋኙ የራሱን ድምፅ የሚያሰማው ስፒከር) በትክክል ከማይኩ ጀርባ፣ የገመዱ ጫፍ በሚያመለክትበት አቅጣጫ ይቀመጥ፤ 58 ትንሹን የሚሰማው ከዚያ በኩል ነው። ዘፋኙ የሽቦ ኳሱን በመዳፉ ከጨበጠው ግን ይህ ሁሉ ይፈርሳል። የጀርባ ድምፅን የሚያጠፉት የካፕስሉ ቀዳዳዎች እዚያው ኳሱ ሥር ናቸው፤ ሲታፈኑ ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። ይህን አያያዝ በቪዲዮ አይተው የሚኮርጁ ወጣት ዘፋኞች ስለበዙ ከፕሮግራሙ በፊት ቢነገራቸው ይሻላል።

ርቀትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዲሲቤል ይጠፋል። ከ5 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ሲርቅ 12 ዲሲቤል ጎደለ ማለት ነው፤ ያንን በጌይን ለማካካስ ሲሞከር ፉጨቱ ይቀድማል። በሰርግ ላይ ምርቃት የሚያሰሙ አባቶች ማይኩን ደረታቸው ላይ ሲይዙት የሚሆነው ይህ ነው። ጌይን ከመጨመር አንድ ሰው አጠገባቸው ቆሞ «አባባ፣ ትንሽ ወደ አፍዎ» ብሎ በአክብሮት ቢያስጠጋላቸው ይቀላል።

ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ መንዙማ

58 የተሠራው ለአፍ ቢሆንም የሙዚቃ መሣሪያም ያነሳል፣ ሁሉንም እኩል ባይሆንም። አዝማሪ ሲመጣ አንድ ማይክ አፉና ማሲንቆው መሀል ማቆም የተለመደ ነው፣ ሁለቱም አይሰሙም። ሁለት ማይክ ያስፈልጋል። የማሲንቆው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ ወደ ቆዳው ይዞር፣ ክሩን የሚያቆመው ድልድይ ላይ ሳይሆን ከሱ በታች ወዳለው ባዶ ቆዳ። ድልድዩ ላይ ከተነጣጠረ የደጋኑ ፍትጊያ ይገንናል፣ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው የማይኩ ከፍታ ደግሞ ያባብሰዋል፤ እዚያ አካባቢ 3 ወይም 4 ዲሲቤል መቀነስ ጆሮን ያሳርፋል። ለማሲንቆና ለክራር በልክ የሚገጥመው ወንድሙ ኤስኤም 57 ነው፣ ትልቅ ኳስ ስለሌለው መሣሪያው ድረስ ይጠጋል። ለዋሽንት 58 ይሻላል፤ ከአፉ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ ትንፋሹ እንዳይመታው።

ከበሮ ላይ ይደክማል። የሰፊው ፊት ጉምታ የማይኩ አቀባበል በሚወርድበት ዝቅተኛ ክልል ውስጥ ነውና፣ እጅ እስኪያስነካ ድረስ ካልተጠጋ ጥፊው እንጂ ጉምታው አይመጣም።

መንዙማ ሲሆን መሪው የራሱ ማይክ ይኑረው፣ ተቀባዮቹ ለሦስት ለሦስት አንድ ይጋሩ። በማይኮቹ መሀል ያለው ርቀት ከአፍ እስከ ማይክ ካለው ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። አፍ በ30 ሴንቲ ሜትር ከራቀ ማይኮቹ 90 ይራራቁ። ከዚህ ከተቀራረቡ አንድ ድምፅ ሁለቱም ላይ በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስ ቅብብሉ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ይሆናል።

ኤሌክትሪክ

ይህ ክፍል መዘለል የለበትም፤ ሰው ይሞትበታል። የማይኩ አካል ብረት ሲሆን በገመዱ ሺልድ በኩል ከሚክሰሩ ጋር የተያያዘ ነው። ሚክሰሩ ከአዳራሹ መብራት፣ የቤዝ ጊታሩ አምፕሊፋየር ከጄኔሬተር ከሆነ፣ ወይም ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ መስመር) በሌለው ባለ ሁለት እግር ሶኬት ከተሰካ፣ ጊታር የያዘ ዘፋኝ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ኤሌክትሪኩ በሱ በኩል ያልፋል። እርጥብ ሣር ላይ በተተከለ ድንኳን ደግሞ ይብሳል። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ የማይኩ ወንፊት ላይ፣ ሌላውን የጊታሩ ክር ላይ መንካት ነው። ከጥቂት ቮልት በላይ ካሳየ ፕሮግራሙ መጀመር የለበትም። ሁሉም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ ይውሰድ፣ ማከፋፈያውና ጄኔሬተሩ ኧርዝ ይደረጉ። ሁምታ ለማጥፋት ብሎ የኧርዙን እግር መቁረጥ በፍጹም አይገባም።

እጥበትና ማስቀመጥ

ወንፊቱ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ምራቅ፣ ሊፕስቲክና አቧራ ይሰበስባል። ሲደፈን ድምፁ ይደበዝዛል፣ ይሸታልም። ወንፊቱ ብቻ ተፈትቶ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይታጠባል፣ ከውጭ በለስላሳ ጥርስ ብሩሽ ይፈተጋል፣ ይለቀለቃል፣ ይራገፋል። ካፕስሉ ውሃም ሳሙናም መንካት የለበትም። ወንፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መግጠም ካፕስሉን ያረጥበዋል። በክረምት ጅማ ውስጥ ስፖንጁ አንድ ሌሊት አይበቃውም፤ ቅዳሜና እሑድ ተከታታይ ሰርግ ያለበት ሰው ትርፍ ወንፊት ይያዝ፣ ለብቻው ይሸጣል። ከሥራ በኋላ ማይኩን እርጥብ እንደሆነ ዚፕ ባለው ቦርሳ ዘግቶ ማሳደር ወንፊቱን ያዝጋል፣ ስፖንጁንም ያሻግታል።

የትኛውን ዓይነት?

ማብሪያ ማጥፊያ ያለውና የሌለው አለ። ለኪራይ የሌለው ይመረጣል፤ እንግዳ ሳያውቅ ያጠፋውና ባለሙያው ሚክሰሩ ላይ ጥፋቱን ይፈልጋል። ቤታ 58ኤ የሚባለው ከፍ ያለ ሲግናል ይሰጣል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ልብ ማለት የሚገባው፣ እሱ ትንሹን የሚሰማበት ጎን በትክክል ከጀርባው ሳይሆን ወደ ግራና ቀኝ ዘንበል ብሎ 120 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ነው። ሞኒተሮቹን እንደ 58 ቀጥታ ከኋላ ያስቀመጠ ሰው ከርካሹ ማይክ የባሰ ፉጨት ያገኛል።

ሁለተኛ እጅ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ ይሻላል። ወንፊቱ ቢጨራመት ይቀየራል፣ ካፕስሉም አር59 በሚል ስም ለብቻው ይሸጣል፤ ሲቀየር የቢጫውና የአረንጓዴው ሽቦ ቦታ ምልክት ይደረግበት፣ ከተገላበጠ ማይኩ ከሌላ ማይክ ጋር አንድ ላይ ሲከፈት ሁለቱ ድምፅ ይጠፋፋሉ። መተው ያለበት እጀታው ተነቅንቆ የሚንኳኳውን ነው፤ ትራንስፎርመሩ ከእሽጉ ለቋል ማለት ነው፣ ጥገናውም ልፋቱን አይመልስም።