ግድግዳ ከተፈለፈለና ውሃ ከተዘጋ በኋላ ዋጋ ከሚቀይር የቧንቧ ሰራተኛ ተጠንቀቁ

ሰውየው ገንዘቡን ቆጥሮ ከወጣ ገና መሽቶ አልነጋም፤ ንዴቴም አልበረደም። ነገ ሌላ ሰው ቤት ገብቶ ያንኑ ነገር እንደሚደግም ስለማውቅ ግን ሳላሳድር ልጻፈው።

እንዲህ አይነቱን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሲመጣ ትህትናው ለጉድ ነው። "እህቴ፣ እህቴ" እያለ ይገባል፣ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፣ የውሃ ቆጣሪውን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ "ቀላል ነገር ነው፣ አታስቢ" ይላል። ዋጋ ሲጠየቅ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድና በመጨረሻ አንድ ቁጥር ይጠራል። ትከራከራላችሁ፣ ትንሽ ይቀንሳል፣ ቀብድ ይቀበላል። እስከዚህ ድረስ የኔም ከሌላው ሰው አይለይም።

ችግሩ ቤቱ ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ እያለ ቆጣሪው መዞሩ ነበር። ከቆጣሪው ወዲህ የሆነ ቦታ ውሃ ያፈሳል ማለት ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ጀርባ ስናይ ቀለሙ አብጦ ተነስቷል፣ ሲነካም ይረጥባል። ሰውየው ይህን አይቶ ቦታውን በእርሳስ አሰመረ። "ከዚህ እስከዚህ ያለው የድሮ ብረት ቧንቧ ዝጓል፤ እሱን ቆርጠን አውጥተን በፒፒአር እንተካዋለን" አለኝ፤ ፒፒአር በሙቀት እየተበየደ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ዋጋውን የነገረኝ እቃውንም የእጁንም አንድ ላይ ደምሮ ነው። "ሌላ የሚጨመር ነገር አለ?" ብዬ ጠየቅኩት። ደግሜም ጠየቅኩት። "ምንም የለም፣ ጨርሰናል" ያለው በገዛ አፉ ነው።

ከረዳቱ ጋር ሆነው መዶሻና መሮ አነሱ። ሴራሚኩ ወረደ፣ ግድግዳው ተፈለፈለ፣ የቤቱ ውሃ ከዋናው መዝጊያ ተዘጋ፣ አሮጌው ቧንቧ ተቆርጦ ወጣ።

አሁን ወደዚያች ሰአት ልምጣ። አሮጌው ብረት ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ግድግዳው ውስጥ የተቆረጡት ሁለት ጫፎች አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ። አዲሱ ቧንቧ ገና አልገባም። መበየጃው ተሰክቶ እየጋለ ነው፤ ፒፒአር የሚበየደው መበየጃው 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ እስኪሞቅ መጠበቅ አለበት። ያን እየጠበቀ እጁን በጨርቅ ጠረገና ወደኔ ዞረ።

"እንግዲህ ሂሳቡን እንነጋገር።"

"የምን ሂሳብ? ተነጋግረን የለም እንዴ?"

"ያ እኮ ግምት ነው። ሲከፈት ሌላ ሆኖ ተገኘ።"

አዲሱን ዋጋ ነገረኝ። ከተስማማንበት ከእጥፍ ይበልጣል። "ምኑ ነው ሌላ የሆነው? አሳየኝ" አልኩት። በመሮው ጫፍ ወደ ግድግዳው ጠቆም አደረገና "አንቺ ይሄን አታውቂውም" አለኝ። ግን እያየሁት ነው! በእርሳስ ያሰመረው መስመር እዚያው አለ፤ ፍልፍሉ ከመስመሩ ጣት ያህል እንኳ አላለፈም። የተቆረጠውም ዝጓል ያለው ያው ብረት ነው። አዲስ የተገኘ ነገር የለም። ይህንኑ እያሳየሁ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ባልሽ የለም? እሱን ጥሪልኝና ከሱ ጋር እንነጋገር።"

ረዳቱ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ይህችን ንግግር ሌላ ቤትም እንደሰማት ከአሳሳቁ ያስታውቃል። "ቤቱ የኔ ነው፣ የተዋዋልከውም ከኔ ጋር ነው" አልኩት። መልስ እንኳ አልሰጠኝም። ጎንበስ ብሎ የመበየጃውን ገመድ ነቀለና ቀስ እያለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ እጁ ላይ ይጠቀልለው ጀመር። እየጠቀለለ "እንደፈለግሽ" አለ። "ካልተስማማሽ እስካሁን የሰራሁበትን ክፈይኝና ልሂድ። ሌላ ሰው አምጥተሽ አስጨርሺው። ሰው የጀመረውን የሚነካልሽ ካገኘሽ።"

አንጀቴ ያረረው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ልጆች ከትምህርት ቤት ሊመጡ ነው። ዋናው መዝጊያ ቢከፈት ውሃው በተቆረጠው አፍ በኩል ቤቱን ነው የሚሞላው። ሰውየው ይህን ሁሉ አስልቶታል። ያንን ዋጋ መሮ ሳያነሳ ቢነግረኝ ኖሮ አመስግኜ ሸኝቼው ሌላ ሰው እጠራ ነበር። እሱም ያውቃል። ለዚህ ነው ቧንቧው ተቆርጦ እስኪወጣ ድረስ አፉን የዘጋው። እሺ አልኩ፤ ገመዱን መልሶ ሰካው። ለነገሩ ባለ 20 ሚሊሜትሩ ቀጭኑ ፒፒአር መበየጃው ላይ የሚቆየው 5 ሰከንድ ገደማ ነው። እንቢ ብሎ ገመድ ሲጠቀልል የቆየበት ጊዜ ብዙ መገጣጠሚያ ያስጨርሰው ነበር።

ስራ ሲከፈት ሌላ ጉድ ሊገኝ እንደሚችል አልክድም። ግድግዳ ውስጥ ያለውን ማንም ከውጭ አያይም። የዛገ ብረት ቧንቧ በአንድ በኩል ሲነካ በሌላ በኩል የመግጠሚያው ጥርስ ተሸርፎ ይቀራል፣ የጠነከረ መዝጊያ ሲፈታ ይሰበራል። እንዲህ ሲሆን ጨዋ ባለሙያ እጁን ይሰበስባል፣ ይጠራችኋል፣ የተበላሸውን በአይናችሁ ያሳያችኋል፣ የሚጨምረውን ነግሮ ፈቃዳችሁን ይጠይቃል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ከመቁረጡ በፊት ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሞልተዋል፤ ለነሱ ጨምሬ ብከፍል አይቆጨኝም። እኔ ቤት የመጣው ሰው ግን ያሳየኝ ነገር የለም፣ የጠየቀኝም ነገር የለም።

ዝርዝሩን ብታዩት ደግሞ! ጻፍልኝ ብዬ ሙጭጭ ስልበት ከሲሚንቶው ከረጢት ላይ ቀደደና ጻፈ። "ቧንቧ 3 ዘንግ" ይላል። ፒፒአር በብዛት የሚሸጠው በ4 ሜትር ዘንግ ነው፤ 3 ዘንግ ማለት 12 ሜትር ነው። ሰውየው እንደወጣ ሜትር አምጥቼ ለካሁት። የለጠፈው ሲሚንቶ ገና እርጥብ ስለነበር ፍልፍሉ ከየት እስከ የት እንደሄደ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቁመቱና አግድሙ ተደምሮ 3 ሜትር አይሞላም። አንድ ዘንግ ሲበቃው ትንሽም ይተርፋል። የቀሩት ሁለቱስ? እቤት የሉም፤ ወይ ይዟቸው ሄዷል ወይ ከመጀመሪያውም አልተገዙም። "ፍለጋ" የሚል ሂሳብም አለው። የምን ፍለጋ? ቆጣሪው ሲዞር ያየሁት እኔ፣ እርጥቡን ቦታ ወስጄ ያሳየሁት እኔ! ከታች "ልዩ ልዩ" ብሎ ሌላ ገንዘብ ጽፏል። ምንድን ነው ስለው "ልዩ ልዩ ነዋ" ብሎኝ እቃውን መሰብሰቡን ቀጠለ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሙከራው ነው። አዲስ መስመር ሲሚንቶ ከመልበሱ በፊት በግፊት ተሞክሮ መቆየት አለበት፤ ቢያንስ ቢያንስ ውሃው ተለቆ፣ የቤቱ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ፣ ቆጣሪው ቀጥ ማለቱ መታየት ነበረበት። እሱ ውሃውን ለቀቀ፣ መገጣጠሚያዎቹን በመዳፉ ዳበሰ፣ "ደረቅ ነው" አለ፣ ለጠፈበት። ቆጣሪውን እንይ ስለው "ስራዬን አታስተምሪኝ" አለኝ። እጥፍ ከፍዬ እንኳ ቆጣሪ ድረስ አብሮኝ ሊራመድ አልፈለገም።

እናንተ ግን ዋጋው ቁርጥ ይሁን ግምት ከመጀመሪያው በጽሁፍ አድርጉት፤ "ተጨማሪ ወጪ የሚያመጣ ነገር ከተገኘ ስራው ቆሞ ለባለቤቱ ይነገራል" የምትል አንድ መስመር አስገቡና አስፈርሙት። ከመነካቱ በፊት ቦታውን ፎቶ አንሱ። ከቻላችሁ እቃውን ራሳችሁ ግዙ፤ ካልቻላችሁ ደረሰኙን ተቀበሉ፣ ትርፉም አሮጌውም እቤት ይቅር። ቆጣሪው መቆሙን ሳታዩ የመጨረሻውን ክፍያ እንዳትሰጡ። ተገዳችሁ ከከፈላችሁ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ "በዋጋው ሳልስማማ የከፈልኩት" ብላችሁ ጻፉበትና አስፈርሙት፤ አልፈርምም ካለ ያንኑ በስልክ መልእክት እዚያው ላኩለት፣ ለክርክር ማስረጃ ይሆናል።

እኔ የዝርዝሩንና የለካሁትን ፎቶ ልኬለታለሁ። አንብቦታል፣ አልመለሰም። ሁለቱን ዘንግ ወይም ገንዘባቸውን እስኪያመጣ ድረስ መጠየቄን አላቆምም።