ለደብራችን በነፃ ለሚያገለግለው ፎቶ አንሺ ወንድማችን

ስሙን እንዳንጽፍ አጥብቆ ለምኖናል። «ከንቱ ውዳሴ ይሆንብኛል፤ ሥራው ከጠቀማችሁ ሥራውን ተናገሩ» ነው ያለው። እሺ ብለነዋል። ዝም ማለት ግን አልሆነልንም። ደብረ ማርቆስ ላይ ፎቶ ቤት ያለው፣ በሰርግና በምርቃት ሥራ የሚተዳደር ባለሙያ ነው። ከመስቀል በዓል ጀምሮ በየክብረ በዓሉ መሣሪያውን ተሸክሞ፣ የትራንስፖርቱን እንኳ ከኪሱ እየከፈለ መጥቶ አገልግሎናል። እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድምዓለም። ውለታህን እኛ ከፍለን አንጨርሰውም።

እንዲህ የምንለው ከሱ በፊት የቀመስነውን ስላልረሳን ነው። አንዱ ለጥምቀት ቀብድ ተቀብሎ መጣና ከነጫማው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ወጥቶ፣ ለሊቃውንቱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ፎቶዎቹ ሲመጡ በእያንዳንዳቸው መሐል ለመሐል የራሱ ሎጎ ተለጥፏል፤ ሎጎው እንዲነሣ ደግሞ በየፎቶው ሂሳብ ጠየቀን። ሌላው ወንጌል እየተነበበ ድሮን አስነሣ። ድምፁ እንደ ንብ መንጋ ነው፤ ሕፃናቱ ወደዚያ ሮጡ፣ ሕዝቡ አንገቱን አቅንቶ ሰማይ ሰማይ አየ፣ ወንጌሉን ያዳመጠ ጥቂት ነው። ሦስተኛው በነፃ ነበር የሠራው። ሁሉንም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ላከልንና ዋናውን ከሚሞሪ ካርዱ አጠፋው። እንዲህ ሲላክ ቴሌግራም ብዙ ጊዜ የፎቶውን ረጅም ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል፤ በስልክ ሲታይ ያምራል። ለሕንፃ ማሠሪያ የሚሸጥ የግድግዳ ካሌንደር በኤ3 ልናሳትም ስንሄድ ግን ማተሚያ ቤቱ መለሰን። ኤ3 ጥርት ብሎ እንዲታተም ረጅሙ ጎን ወደ 4960 ፒክስል መሆን አለበት። የዚያ ዓመት ካሌንደር በዚሁ ቀረ። በነፃ ስለሠራልን አንዲት ቃል መናገር አልቻልንም፤ ያ ነው ያንገበገበን።

ይህ ወንድማችን በነፃ ለሚሠራው ሥራ ከሚከፈልበት አብልጦ ይጠነቀቃል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ካሜራ ይዞ አልነበረም። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው መጥቶ ቄሰ ገበዙን እጅ ነሥቶ፣ «አባታችን፣ የት የት መቆም ይፈቀድልኛል? ካሜራዬን መቼ መቼ ላስቀምጥ?» ብሎ ጠየቃቸውና መልሳቸውን በማስታወሻው ጻፈ። ቤተ ክርስቲያናችን እንደ ጣናዎቹ የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። እሱ ከቅኔ ማኅሌቱ ጠርዝ፣ ከከበሮ መቺዎቹ ኋላ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነው የሚያነሣው። የሰው ፊት አይከልልም፣ ሲያነሣ እንዲመቸው ማንንም ፈቀቅ በሉ አይልም። ቅዱስ ቁርባን ሲሰጥ ካሜራው ቦርሳው ውስጥ ነው። ታቦት ሲወጣ አውርዶ ከሕዝቡ ጋር ይሰግዳል፤ ፎቶ የሚያነሣው ከስግደቱ ከተነሣ በኋላ፣ ከጎን፣ ሩቁን በሚያቀርበው 70–200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ይህን ማንም አላዘዘውም።

የካሜራ ፍላሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይጠቀምም። ዕጣን ባለበት ፍላሽ ሲበራ ብርሃኑ ከጢሱ ተመልሶ ፎቶው ላይ ነጭ ጉም ይጋርዳል። የመቅደሱ ሥዕሎች ቫርኒሽ ከተቀቡ ደግሞ የፍላሹ ብርሃን ልክ በቅዱሱ ፊት ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ግን የሚጸልይ ሰው ዓይን ላይ መብረቅ መልቀቅ ምን ይባላል! አዲስ ያስገባናቸው የኤል.ኢ.ዲ መብራቶችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንዱ አምፖል ለዓይን ሳይታወቅ ይርገበገባል፤ ካሜራው ድምፅ አልባ በሆነው ሻተር (ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋው ክፍል) ሲሠራ ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይወጣል። ስለዚህ ከዋዜማው መጥቶ መብራቱን አስበርቶ ሞከረ፤ ሻተሩን የሰከንድ አንድ መቶኛ አድርጎ፣ ድምፅ አልባውን ትቶ፣ ካሜራውን በነጠላ ጠቅልሎ ድምፁን አፈነው።

የገና ሌሊት ላይ ግን ባለሙያ ማለት ምን እንደሆነ አየን። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም መብራት ጠፋ። የቀረው ጧፍ ብቻ ነው። ካሜራ የያዘ ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ፍላሽ ያበራል፣ ወይ ቁጭ ይላል። እሱ ብዙ ብርሃን እንዲገባ የ35 ሚሊ ሜትር ሌንሱን እስከ ኤፍ 1.8 ከፈተ፣ የካሜራውን ብርሃን የመቀበል አቅም (አይ.ኤስ.ኦ) 6400፣ ሻተሩን የሰከንድ አንድ ስልሳኛ አደረገ። በዚህ ፍጥነት የሚንቀሳቀስ ሰው ይደበዝዛል። እሱ ግን ዜማውን ያውቃል። በዝማሜ ጊዜ መቋሚያው ወደ ቀኝ አዘንብሎ ወደ ግራ ሊመለስ ሲል ጫፍ ላይ ለቅጽበት ቀጥ ይላል፤ የሊቁ ትከሻም አብሮ ይቆማል። እሱ የሚጫነው ያን ጊዜ ነው። ጧፍ የያዘው ትንሹ ዲያቆን በመሪጌታችን ቀኝ ቆሟል፤ ብርሃኑ ግማሽ ፊታቸውንና የጽናጽሉን ጠርዝ ብቻ ይነካል፣ ሌላው ጨለማ ነው። ጽፋት (ጭብጨባው) ሲገባ በዚያ ብርሃን እጅ ሁሉ እንደሚደበዝዝ ስላወቀ ካሜራውን አንገቱ ላይ ጥሎ አብሮ አጨበጨበ። የዘንድሮው ካሌንደር ሽፋን ያ የመሪጌታ ፎቶ ነው። ማተሚያ ቤቱ አልመለሰውም።

የጧፍ ብርሃን ቀለሙ ወደ 1900 ኬልቪን ነው፤ ብዙ ካሜራ ደግሞ ከ2500 በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ሁሉም ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። እሱ በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ስለሚያነሣ ኋላ በኮምፒውተር ያስተካክለዋል፤ ነጠላው ፍጹም ነጭ እስኪሆን ድረስ ግን አይገፋውም፤ ሌሊትነቱ ይጠፋል ይላል። የኛ አገር ከጮቄ ተራራ ሥር ስለሆነ የታኅሣሥ ብርድ ባትሪ ቶሎ ያደክማል። አራት ባትሪ ይዞ ሦስቱን ደረት ኪሱ ውስጥ እያሞቀ ያቆያል፤ የደከመ የመሰለው ባትሪም ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል።

ስለ ጥምቀቱ ብዙ አንልም፣ ሁላችሁም ፎቶዎቹን አይታችኋል። ሁለት ነገር ብቻ። በነጭ የለበሰ ሕዝብ ሲበዛ ካሜራው ብርሃን በዝቷል ብሎ ያጨልማል፣ የሰው ፊት ይጠቁራል። ባለፉት ዓመታት የካህናቱ ፊት ከጥላው ሥር ጠቁሮ የወጣው ለዚህ ነበር። እሱ ከካሜራው ልኬት ላይ ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ነው) ይጨምራል። ደግሞ ሁለት ካሜራ አንግቶ ነው የሚሄደው፤ በዚያ አቧራ ሌንስ መቀያየር ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ ያስቀራልና። ጥር ለፎቶ አንሺ የመኸር ወር መሆኑን ደግሞ አትርሱ። የሰርግ ጥሪ እየመለሰ ነው ከኛ ጋር የዋለው።

አሁን ልባችንን ወደ ነካው እንምጣ። የየኔታ ቅኔ ተማሪዎች መታወቂያ ለማውጣት ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋቸው ነበር። ከወሎም ከጎንደርም ከሸዋም ቅኔ ብለው ጎጃም የመጡ ልጆች ናቸው፤ ቁራሽ ለምነው የሚማሩ ተማሪዎች የፎቶ ገንዘብ ከየት ያመጣሉ? ይህን የነገረው ሰው የለም፤ ሁለት ተማሪዎች ሲነጋገሩ ሰምቶ ነው። ጥር 13 ቀን፣ ሊሄድ ቦርሳውን ካዘጋጀ በኋላ፣ መልሶ ፈታው። በጉባኤ ቤቱ ጣሪያ ክፈፍ ጥላ ሥር ነጭ ጋቢ በሁለት ምስማር ወጠረ። ልጁን ከጋቢው አንድ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጎ አቆመው፣ ጥላው ጋቢው ላይ እንዳያርፍ። እሱ ሁለት ሜትር ግድም ራቀ፤ ቀርቦ የተነሣ ጉርድ አፍንጫን ያገዝፋል። ካሜራውን በልጁ ዓይን ልክ አደረገ፤ 32 ተማሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። በአንድ 10 በ15 ወረቀት 3 በ4 የሆነ 8 ጉርድ ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ አራት አራት፣ 16 ወረቀት። ሁሉንም በራሱ ወጪ አጥቦ ላከ።

ከልጆቹ አንዱ ደበሎውን እያወለቀ ነበር። «ለመታወቂያው አውልቀው፤ ከዚያ መልሰህ ልበስና ለእናትህ የምትልከውን ደግሞ አነሣሃለሁ» አለው። ልጁ አኮፋዳውን ሊደብቅ ሲል «ተው፣ እሱንም ያዘው፣ ምን እየበላህ እንደተማርክ እናትህ ትወቅ» አለው። ከዚያ ሁሉም ተሰለፉ። 32ቱም በ13 በ18 ታጥቦ፣ እያንዳንዱ በየስሙ ፖስታ ተጠቅልሎ መጣ። ከነዚያ ልጆች ውስጥ ከቤቱ ከወጣ አራት ዓመት የሞላው አለ። የኔታ «የእናቶችን ዓይን አሳርፈሃልና ዓይንህ አይፍዘዝ» ብለው መረቁት። እኛም አሜን ብለናል፤ ዛሬም አሜን እንላለን።

በየካቲት ደግሞ የንዋያተ ቅድሳቱን መዝገብ አብሮን ሠራ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ እንዲያስመዘግብ ያዝዛል፤ የብዙ አጥቢያ መዝገብ ግን «አንድ የብር መስቀል» ብቻ ይላል። በዚህ ቃል የጠፋ መስቀል አይገኝም። እያንዳንዱን መስቀል ከፊት፣ ከጀርባ፣ ከጎን፣ ጽሕፈቱንና የተሰበረበትን ቦታ ቀርቦ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጦ አነሣ። የተሰበረችው ጥግ፣ የተበየደችው እግር ናት ኋላ «ይህ የኛ ነው» የምታሰኘው። ብራናዎቹን በሁለት ትራስ መሐል አስደግፎ ገለጠ እንጂ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አልተጫናቸውም፤ ሲጫኑት የጥራዙ ክር ይበጠሳል። የገለጡት ዲያቆን ናቸው፣ እጃቸውን ታጥበው በደንብ አድርቀው። ለዓይን ያልተፈቀደውን ቄሰ ገበዙ አላወጡም፣ እሱም አልጠየቀም። ፎቶዎቹ በሁለት ሃርድ ዲስክ ተገልብጠው አንዱ ዕቃ ቤት፣ ሌላው ሌላ ቦታ ተቆልፎባቸዋል። አንዱንም በማኅበራዊ ሚዲያ አላወጣም፣ እኛም እንዳናወጣ አስጠንቅቆናል፤ ምን የት እንዳለ ለሌባ መጠቆም ነውና።

በጎጃም ያላችሁ ሰበካ ጉባኤያትና ሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ እንዲህ ያለ ባለሙያ በመካከላችሁ ይኖራል፣ ፈልጉት። ስታገኙት ግን አታድክሙት። ነፃ ነው ተብሎ ለየክርስትናው፣ ለየተዝካሩ ከተጠራ በዓመቱ ይጠፋል። እኛ አንድ ገጽ ስምምነት ተፈራርመናል፦ በዓመት ስድስት በዓል፣ ርክክብ በ15 ቀን ውስጥ፣ ፎቶው ላይ ሎጎ የለም፣ ለሽያጭ የሚሆነው ካሌንደር ብቻ፣ ከሰበካ ጉባኤው ሳይፈቀድ ማንም አይለጥፍም። ሃርድ ዲስኮቹን የገዛው ደብሩ ነው፤ ከመጪው በዓል ጀምሮ ትራንስፖርቱንም እንሸፍናለን፣ በግድ ነው ያስማማነው። የበዓሉን ቅደም ተከተል ጽፋችሁ ስጡት፤ አብሮት የሚቆም አንድ ዲያቆን መድቡ፤ ምሳውን አትርሱ። ፎቶ ስትቀበሉም በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፋይል ይላክ በሉ። ሁለት ካሜራ ካለው ሰዓታቸው እኩል መሆኑን ያረጋግጥ፤ አለዚያ ሲደባለቁ ዋዜማው ከማግስቱ በኋላ ይመጣል። በሁለት ቦታ መገልበጡን በዓይናችሁ ሳታዩ ሚሞሪ ካርዱ አይጥፋ። የፋይሉ ስም በኛ ዘመን አቆጣጠር ይሁን፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የበዓሉ ስም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚፈልገው ሰው በዚያ ነው የሚያገኘው።

እሱን ራሱን የምትፈልጉ ደብራችን ጽሕፈት ቤት መጥታችሁ ጠይቁ፤ ጠይቀነው ፈቃዱ ከሆነ እናገናኛችኋለን። ለሰርግና ለምርቃት የምትፈልጉትም እንደዚሁ፤ ያ እንጀራው ነው፣ ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉት። በነፃ ያገለገለን ሰው ሥራ አጥቶ እንዳይቀመጥ የኛም ኃላፊነት ነው።

ወንድማችን፣ የአገልግሎት ዘመንህን ይባርክልን። ልጆችህን ያሳድግልህ።

የጥምቀቱን ፎቶ ያልወሰዳችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ቢሮ ኑ። ቢያንስ 16 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ፍላሽ ዲስክ ያዙ፤ ቫይረስ እንዳይገባብን ፎርማት አድርጋችሁ አምጡ።