ለደብረ ማርቆሱ ፎቶ ባለሙያ ምስጋና፣ የተማሪ ፎቶ ሥራ ለያዛችሁም ጥቆማ

የጤፍ ውቂያን በፎቶ የተከተለችው የክበባችን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሥራዋን ጨርሳ 12 ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅላለች። ከእሷ ቀጥሎ ምስጋናው የሚገባው ደብረ ማርቆስ ላይ ፎቶ ቤት ላላቸው፣ ተማሪዎቹ «ጋሼ» እያሉ ለሚጠሯቸው ባለሙያ ነው። ስማቸውን እዚህ አንለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። «ጎበዝ ናቸው» ብሎ መጠቆም ብቻውን ለማንም ስለማይጠቅም፣ እንዴት እንደሚያሠሩ በዝርዝር ጽፈናል።

የመጀመሪያ ቀን ካሜራ አያስነኩም። ደብተርና እርሳስ ነው የሚያስይዙት። ተማሪው የሚሠራውን በአንዲት የጥያቄ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት፤ እስኪጽፍ ድረስ ሌላ ወሬ የለም። ልጅቷ መጀመሪያ ያመጣችው «የገበሬው ሕይወት» የሚል ነበር፤ ጋሼ ሰረዙት። ለምን ቢሉ፣ ይህን ርዕስ ይዞ የወጣ ልጅ ያየውን ሁሉ አንስቶ 600 ፎቶ ይዞ ይመለሳል፤ ሊመርጥ ሲቀመጥ ግን የትኛው እንደሚያስፈልገው የሚነግረው ነገር የለም። ሦስት ጊዜ ተሰርዞ የጸናው «አንድ አውድማ ከልቅለቃው እስከ ስልቻው ድረስ በምን በምን ያልፋል?» የሚለው ነው። ይህች ጥያቄ መጀመሪያና መጨረሻ አላት፤ ቦታዋም አንድ ነው።

ቀጥሎ ሊነሱ የሚገባቸው 20 ፎቶዎች በሠንጠረዥ ይዘረዘራሉ። ዓምዶቹ አምስት ናቸው፦ ምን፣ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ብርሃኑ ከየት፣ ከምን ያህል ርቀት። በጎን የአውድማው ክብ ይሣላል፤ ምሥራቁ፣ የክምሩ ቦታና ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ ምልክት ይደረግበታል። ትርፍ ሥራ የሚመስለው አውድማ አይቶ ለማያውቅ ብቻ ነው። አውድማው በእበት የሚለቀለቀው አንድ ጠዋት ነው፤ ያ ጠዋት ካለፈ ፎቶው የሚገኘው በዓመቱ ነው። በሬዎቹ የሚያበራዩት ክምሩ እስኪያልቅ ብቻ ነው። ማዝራቱ ደግሞ ነፋስ ይጠብቃል፤ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሄዶ እስከ 6 ሰዓት አንስቶ የሚመለስ ተማሪ የሥራውን ዋና ክፍል ሳያየው ይቀራል።

የርቀቱን ዓምድ ብዙ ሰው ስለሚንቀው ትንሽ እንቆይበት። ጀማሪ ሁሉ ከአንድ ቦታ፣ ከሦስትና ከአራት ሜትር ላይ ቆሞ ነው የሚያነሳው፤ 20ውም ፎቶ አንድ ዓይነት ይመስላል። ጋሼ ከ20ው አራቱ አውድማውን ከነአገሩ የሚያሳዩ እንዲሆኑ ያዛሉ፤ ስድስቱ ሰውና ሥራ፣ አምስቱ መንሽ (የእንጨት ሹካ) ላይ ያለ እጅ ወይም ሰኮና ሥር ያለ ነዶ የመሰለ ዝርዝር፣ ሦስቱ የፊት ፎቶ፣ የቀሩት ሁለቱ ባዶ ቦታ፤ አውድማው ከመለቅለቁ በፊትና እህሉ ከተነሳ በኋላ። ተማሪዎች ባዶውን ቦታ «ምንም የለበትም» ብለው ይዘሉታል። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፎቶ የሆኑት ግን እነዚያ ሁለቱ ናቸው።

ወደ ካሜራው እንምጣ። ልጅቷ የያዘችው በውሰት የተገኘ ካኖን ካሜራ ነው፤ ሌንሱ አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ያለው ተራ ሌንስ። ሌላ አላስገዟትም። የሰጧት የመነሻ ቁጥር በደብተሯ ሽፋን ውስጥ ተጽፏል፤ ለሌላው ተማሪም ይጠቅማል። በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) 8፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ በሰከንድ) 1/400። በሬዎቹ ሲዞሩ እግራቸው እንዳይደበዝዝ ከ1/250 በታች አይወረድም። በላይዳ (በእንጨት አካፋ) ወደ ላይ የተበተነው እህል በአየር ላይ ቆሞ እንዲታይ ደግሞ 1/1000 ያስፈልጋል፤ 11 ሰዓት ገደማ ባለው ብርሃን ይህን ለማግኘት አይኤስኦ 400 እና ኤፍ 5.6 ይበቃል። በተቃራኒው እህሉ እንደ ጅረት ሲፈስ እንዲታይ ከተፈለገ 1/30፣ ኤፍ 16፣ አይኤስኦ 100። ይህን የመጨረሻውን በቀትር ልሞክር ያለ ሰው ፎቶው ነጥቶ ይወጣበታል፤ ብርሃኑ ለዚህ ቁጥር ይበዛልና። ጎተራ ውስጥ ከበሩ በሚገባ ብርሃን ብቻ አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 3.5፣ 1/60፤ ሰውየው ከደጃፉ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ወደ በሩ ዞሮ ይቆማል፣ አንሺው በጎኑ ይሆናል። ፍላሽ ክልክል ነው፤ ከፍላሹ ፊት የሚንሳፈፈውን አቧራ ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ ያደርገዋል።

በእኛ አገር ፎቶ ላይ ትልቁ ጣጣ ጋቢ ነው። ካሜራው የሚለካው ያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሆነ፣ ነጭ ጋቢ ፎቶውን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጠቁረዋል፤ ፊቱ ከሰል ሆኖ ይወጣል። ብዙዎች የሚያውቁት መፍትሔ የካሜራውን የብርሃን ማካካሻ ወደ መደመር (+) አንድ ከፍ ማድረግ ነው። ያኔ ፊቱ ይታያል፤ የጋቢው ሽመናና ጥለት ግን ይጠፋል። ጋሼ ቁጥሩን ከመንካት ሰውየውን «ወዲህ ጠጋ ይበሉ» ማለት ይመርጣሉ። የክምሩ ጥላ ውስጥ በፊቱና በጋቢው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ስለሚጠብ ሁለቱም በአንድ ፎቶ ይያዛሉ። ጥላ ከሌለ ፀሐይ ዝቅ እስክትል ይጠበቃል። በታኅሣሥ እዚህ አካባቢ ፀሐይ 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ትወጣለች፤ የፊት ፎቶ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ካልተነሳ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው።

የጤፍ እብቅ ለካሜራ ጠላት ነው፤ ከአፈር ይልቅ ይበናል። ማዝራት ሲጀመር መቆም የሚገባው ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ነው። ከነፋሱ በታች የቆመ ሰው ዓይኑም ሌንሱም ይሞላል። አውድማ ላይ ሌንስ አይፈታም። ሌንስ ላይ የተቀመጠ ብናኝ በጎማ መንፊያ ይወገዳል፤ በአፍ ሲነፋ ምራቅ ይረጫል፣ በነጠላ ጫፍ ሲጠረግ ደግሞ ይቧጨራል። ውስጥ ድረስ ከገባ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ኤፍ 16 ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ኤፍ 5.6 ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከመውጣት በፊት ባለው ማታ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 ተነስቶ ይመረመራል።

ጫማን በተመለከተ ጋሼ ተማሪውን ቀድመው ይመክሩታል። የተለቀለቀ አውድማ ላይ በጫማ አይገባም፤ የጤፍ ፍሬ ደቃቅ በመሆኑ በጫማ የገባን ጠጠር ኋላ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። ሲደርሱ «ምርቱን ያበርክት» ማለት፣ ከባለቤቱ ፈቃድ መጠየቅ፣ ልጆች ካሉ ወላጅን ለብቻ መጠየቅ፣ የተፈቀደውን ከነስሙ ደብተር ላይ ማስፈር። ገንዘብ ቃል አይገባም፤ ቃል የሚገባው የታጠበ ፎቶ ነው፣ እሱም ሳይውል ሳያድር ይደርሳል። ለዚህ አውድማ ቤተሰቦች 10 በ15 ሆኖ ስምንት ፎቶ ተሰጥቷል።

ከሁሉ የወደድነው ዘዴ የቀኑ ነው። ካሜራ የኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ተማሪዋ ደብተሯ ላይ «ታኅሣሥ 10፣ ጠዋት 4 ሰዓት» ትላለች፤ ፋይሉ ደግሞ ዲሴምበር 19፣ 10:00 ይላል። ሦስት ወር አልፎ መግለጫ ሊጻፍ ሲል የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋል። መፍትሔያቸው ሳንቲም አያስወጣም፦ የየቀኑ የመጀመሪያ ፎቶ የደብተሩ ገጽ ነው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና የሰዎቹ ስም ተጽፎበት። ከዚያ ገጽ በኋላ ያለው ሁሉ የዚያ ቀን ነው።

ሚሞሪ ካርድ ላይም ጥብቅ ናቸው። ገበያ ላይ 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን 8 ጊጋ ብቻ የሆነ የውሸት ካርድ አለ። እስኪሞላ ደህና ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ፎቶ ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም። አዲስ ካርድ በቪዲዮ ፋይል አፍ እስከ ገደፉ ተሞልቶ፣ ፋይሎቹ አንድ በአንድ ተከፍተው ሳይታዩ ለሥራ አይወጣም። ማታ ማታ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል፤ ሁለቱም ጋ ተከፍቶ ሳይታይ ካርዱ ላይ ያለው አይሰረዝም። እየተገለበጠ መብራት ከሄደ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

በስልክ የምትሠሩም አላችሁ፤ ይቻላል። 12 ሜጋፒክስል ስልክ 4000 በ3000 ፒክስል ይሰጣል፤ ለ20 በ30 ሳንቲ ሜትር እጥበት በኢንች 300 ነጥብ ቢታሰብ የሚያስፈልገው 3543 በ2362 ነው፣ ይበቃል። የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ስክሪኑን በጣት ዘርግቶ ማቅረብ፤ በብዙ ስልክ ሁለት እጥፍ ማቅረብ ምስሉን 2000 በ1500 ያደርገዋል፣ ሩቡ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። በእግር መጠጋት ይሻላል። ሁለተኛ፣ በቴሌግራም እንደ ፎቶ መላክ፤ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ ይህ በ300 ነጥብ ሲታጠብ 11 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። «ፋይል» ብሎ መላክ ነው። ሦስተኛ፣ ቅርጹ፤ የስልክ ፎቶ 4 ለ3 ነው፣ የወረቀቱ 3 ለ2። ፎቶ ቤቱ ሳይጠይቅ ካጠበው ከቁመቱ ከመቶ 11 ያህሉ ይቆረጣል። አንድ ሌላ ቦታ የታጠቡ የክበባችን ፎቶዎች ላይ የሰዎቹ ግንባር የተቆረጠው በዚህ ነው። ጋሼ የሚቆረጠውን መስመር ስክሪን ላይ አሳይተው «ከላይ ይሁን ከታች?» ይላሉ፤ መልሱን የሚሰጠው ተማሪው ነው።

ምርጫው ላይ ትዕግሥታቸው ያስገርማል። ከ410 ፎቶ 60ው በትንሽ መጠን ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ ይበተናል። ስክሪን ላይ አይመረጥም፤ ስክሪን አንድ አንድ እያደረገ ስለሚያሳይ ሁሉም ያምራል፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው የሚደጋገሙት የሚጋለጡት። ልጅቷ የምትሳሳላት የበሬ ፎቶ ነበረች፣ በእርግጥም ውብ፤ ግን ከጎኗ ካለችው ሌላ የምትናገረው አልነበራትም። ጋሼ «አውጪ» አላሉም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ሻይ ሊጠጡ ወጡ።

መግለጫው በሁለት መስመር ነው፤ ማን፣ ምን እያደረገ፣ የት፣ መቼ። «ታታሪው ገበሬ» የመሰለ ቅጽል ይሰረዛል። የመሣሪያው ስም በአገሬው ቃል ይገባል፦ መንሽ፣ ላይዳ፣ ስልቻ።

ስለ አሰቃቀሉ ባጭሩ፦ ወረቀቱ የማያንጸባርቀው ዓይነት ይሁን፤ የክፍል መስኮት አንጸባራቂውን መስታወት ያደርገዋል፣ ላሜኔሽንም እንደዚያው። ካርቶን ላይ ሲለጠፍ ውሃነት ያለው ኮላ ወረቀቱን ያሳብጠዋል፤ ሁለት ፊት ያለው ፕላስተር ይሻላል። የፎቶው መሐል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 12 ፎቶዎች በ15 ሳንቲ ሜትር ክፍተት 5 ሜትር ከ25 ይወስዳሉ፤ ግድግዳውን ቀድሞ መለካት ነው።

ጉድለታቸውንም እንንገራችሁ። ስልክ አያነሱም፤ በአካል መሄድ ነው። ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ከገባ ትምህርቱ ይቋረጣል፣ እንጀራቸው ነውና አይፈረድም። ዋናው ችግር ግን ጥር ነው፦ ውቂያውና ሠርጉ አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ቅዳሜና እሑድ አይገኙም። ስለዚህ ጥያቄውና ሠንጠረዡ ጥቅምት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ እንዲያ ከሆነ በጥር ተማሪው ብቻውን ይሠራል፣ እሳቸው የሚያስፈልጉት በየካቲት ለምርጫው ነው። ዋጋቸው በሚታጠበው ወረቀት ብዛት ነው፤ ለምክሩ ከተማሪ አላስከፈሉም።

ልትልኩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ልጁ በመጀመሪያው ቀን ይዞ የሚሄደው፦ መስመር ያለው ደብተር፣ እርሳስ፣ ያነሳቸው 10 ፎቶዎች በፋይል፣ እና ሊሠራ ስላሰበው ነገር አንድ ጥያቄ። ጥያቄዋ መሰረዟ ስለማይቀር መጥፎ ብትሆንም ግድ የለም። ካሜራውን ቤት ይተወው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።