ለወጥ አክስል ቅያሬ የትኛው ባሌስትራ? ባሕር ዳር ላይ የሚቀርቡት ሲመዘኑ

የድሮ ሃይሉክስ ላይ ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበትን የፊት እግር አውልቆ ሁለቱን የፊት ጎማዎች በአንድ ብረት የሚያያይዝ ወጥ አክስል ማስገባት ለሚፈልግ ሰው የሚቀርቡለት ባሌስትራዎች ባጭሩ አራት ዓይነት ናቸው፤ ከተፈታ መኪና የወጣ የሃይሉክስ፣ የላንድክሩዘር፣ ከጭነት መኪና ቅጠል ተቆርጦ የሚሠራ፣ እና በትእዛዝ የሚመጣ አዲስ። አራቱም ይገጠማሉ። ብየዳና መፍጫ እስካለ ድረስ የማይገጠም ባሌስትራ የለም፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ሻጭ ጋር ከመሄድ በፊት መኪናው ይመዘን። ባትሪውና ነዳጁ ሞልቶ፣ ዊንች የሚገባለት ከሆነም ዊንቹ ቦታው ላይ ሆኖ፣ የፊት ጎማዎቹ ብቻ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ይውጡ። ሚዛኑ 700 ኪሎ አሳየ እንበል። ጎማው፣ ፍሬኑና ከባሌስትራው በታች የሚቀረው ብረት 180 ኪሎ ከሆነ፣ በያንዳንዱ ጎን የሚያርፈው 260 ኪሎ ነው። ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ማለትም በቡሎን በሚታሰሩት የተጠቀለሉ ጫፎቹ መካከል፣ 1100 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ ስፋቱ 60፣ የእያንዳንዱ ቅጠል ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 5 ቅጠል ባሌስትራ በስሌት በየ2.7 ኪሎው 1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። 260 ኪሎ ሲያርፍበት 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ ለፊት እግር ደስ የሚል ቁጥር ነው። በዚያው ክብደት ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች የሚወርድ ከሆነ የከተማው ኮብልስቶን ላይ መኪናው ጋሪ ይሆናል።

ወጥ አክስል ይዞ የተሠራው ሃይሉክስ፣ ኤልኤን 106 የሚባለው፣ ባሌስትራው 60 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። አክስሉም ከዚያው መኪና ከወጣ መቀመጫው፣ ስታፋው (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፎ የሚያስረው ዩ ቅርጽ ያለው ቡሎን) እና የመሐሉ ቡሎን ያለ ችግር ይገናኛሉ። ለዚህ ሥራ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት እሱ ነው። ግን ጥንዱን መሬት ላይ ጎን ለጎን አጋድሞ ሳይለኩ መግዛት አይገባም። ከጆሮ እስከ ጆሮ ክር ተወጥሮ፣ ከክሩ እስከ ዋናው ቅጠል መሐል ያለው ጥልቀት ይለካ። በሁለቱ መካከል ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ መኪናው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ከመሐሉ ቡሎን እስከ ፊተኛው ጆሮና እስከ ኋለኛው ጆሮ ያለው ርቀትም ለየብቻ ይለካ፤ ብዙ ጊዜ እኩል አይደለም፣ አዙሮ የገጠመ ሰው ጎማው ከጭቃ መከላከያው ጋር ሲፋተግ ያገኘዋል። ከዚያ ቅጠሎቹ ተፈተው በሽቦ ብሩሽ ይጠረጉ። ስንጥቅ የሚወደው ቦታ የመሐሉ ቀዳዳ ዙሪያና አጭሩ ቅጠል በጫፉ ረጅሙን የሚነካበት መስመር ነው። ላምባ ቀብቶ፣ በደንብ ጠርጎ፣ ጠመኔ ሲያሹበት ስንጥቅ ካለ ላምባው ተመልሶ ጠመኔው ላይ መስመር ያወጣል።

የላንድክሩዘሩ ባሌስትራ ስፋት 70 ሚሊ ሜትር ነው። ብረቱ አይታማም፣ የተሠራው ግን ለሌላ ክብደት ነው። መቀመጫውን ማስፋትና ስታፋውን መለወጥ የግድ ይሆናል፤ ቀላል ሃይሉክስ ላይ ደግሞ ቅጠል መቀነስ ይመጣል። ሲቀነስ ከዋናው ቀጥሎ ያለው ቅጠል አይነካ። ፍሬን ሲያዝና ጉድጓድ ሲመታ ጆሮውን የሚደግፈው እሱ ነው።

ከጭነት መኪና ቅጠል ተቆርጦ የሚሠራው ርካሽና ቶሎ የሚደርስ ስለሆነ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። እዚህ ላይ ደንበኛውም ሠሪውም የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ የባሌስትራ ጥንካሬ፣ አልታጠፍ ባይነቱ ማለት ነው፣ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። 6 ሚሊ ሜትር የነበረው ቅጠል 7 ሲሆን ጥንካሬው በ59 በመቶ ይጨምራል፤ 8 ሲሆን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር የአይሱዙ ቅጠል ብቻውን ከአራት ተኩል ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቅጠል ይበልጣል። «ሦስት ቅጠል ብቻ ነው፣ ለስላሳ ነው» የሚለው አነጋገር ስለዚህ አያስኬድም። አጭርነትም እንደዚሁ ነው፤ ከ1100 ወደ 1000 ሚሊ ሜትር ሲያጥር ብቻውን 33 በመቶ ያጠነክረዋል። ወፍራም ቅጠል በእኩል መጠን ሲታጠፍ የሚሸከመው ጫናም የበለጠ ነው፤ መሐሉ ቀዳዳ ላይ የሚሰበረው ለዚያ ነው። ይህን ዓይነቱን ባሌስትራ ለፊት እግር አንመክርም።

የተለጠጠን ባሌስትራ እንደገና ማጉበጥ ይቻላል፣ ሥራው በብርድ ከሆነ። በየ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትሩ በፕሬስ ወይም በመዶሻ እየተመታ፣ አጭሩ ቅጠል ከላዩ ካለው በትንሹ የበለጠ እንዲጎብጥ ተደርጎ ይሠራል። ሠሪው በጋዝ እሳት አቅልቶ የሚያጎብጥ ከሆነ ግን ሥራውን ሳይሰጡ መኪናውን ይዞ መመለስ ይሻላል። ይህ ብረት ፋብሪካ ውስጥ 850 ዲግሪ ገደማ ግሎ ዘይት ውስጥ ከገባ በኋላ 450 ዲግሪ ገደማ ላይ እንደገና ሞቆ ነው ጠባዩን የሚያገኘው። ቀልቶ በአየር ሲበርድ ይለሰልስና በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይለጠጣል፤ ውኃ ውስጥ ከተነከረ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሆናል።

አዲሱ፣ አቅም ከፈቀደ፣ ከሁሉም ይሻላል። ሲታዘዝ «ሁለት ኢንች ከፍ የሚያደርግ» ብቻ ብሎ ማዘዝ ስህተት ነው። ከፍታው የሚሰላው በተወሰነ ክብደት ስለሆነ፣ ሚዛኑ ላይ የታየው ቁጥር አብሮ ይነገር።

ሲገጠም ሻክሉ፣ ማለትም የባሌስትራውን አንድ ጫፍ ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው ተንቀሳቃሽ ማያያዣ፣ ትልቁን ቦታ ይይዛል። መኪናው ቆሞ ሳለ የሻክሉ የታችኛው ጫፍ ከባሌስትራው መሐል ወደ ውጭ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ቢያዘነብል ጥሩ ነው። ባሌስትራ ሲለጠጥ ይረዝማል፤ ሻክሉ የሚሄድበት ቦታ ካጣ መኪናው ዱላ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ከፍታ ለማግኘት ረጅም ሻክል መግጠም ግን መሪውን ይነካል፤ ሻክሉ በፊት በኩል ከሆነ መሪ ቀጥ ማለት ያቅተዋል፣ በኋላ በኩል ከሆነ የዲፍረንሻሉ አፍንጫ (ኃይል የሚያመጣው ዘንግ የሚገጠምበት ጫፍ) ይወርዳል። አክስሉን በሽብልቅ ማስተካከል ካስፈለገ ሽብልቁ የአረብ ብረት ይሁን፤ አሉሚኒየም ተጨፍልቆ ስታፋውን ያላላዋል።

ስታፋ አንዴ ከተፈታ ተመልሶ አይገጠም። አዲሱም 100 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከዚያም 500 ላይ ይጥበቅ። የመሐሉ ቡሎን ተቆረጠ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የላላ ስታፋ ነው። ክረምት ላይ ከወረታ ወጣ ብሎ ፎገራ ሜዳ የሚገባ መኪና ዋልካው ቅጠሎቹ መሐል ገብቶ ይደርቃል፣ ውኃ ይዞ ያዝጋል። መስከረም ላይ አስፈትቶ ማጽዳትና በግራፋይት ግሪስ መቀባት ያስፈልጋል። የጆሮና የሻክል ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው፤ በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጆሮው ውስጥ ያለው ጎሚኒ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል።