ትከሻዬን ያዳነው ብሬክ የጋሼን ጆሮ ጎዳው

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ለአደን ጠመንጃዬ የገዛሁትን መዝል ብሬክ ፈትቼ ወደ ሳጥኑ መልሼዋለሁ። አልተሰበረም። አልዛገም። ሥራውን አልሠራም ማለትም አልችልም። ሻጩ ስለ ትከሻዬ የነገረኝ ሁሉ እውነት ነበር። አጠገቤ ስለሚቀመጥ ሰው ጆሮ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

ለማታውቁት፣ መዝል ብሬክ አፈሙዝ ጫፍ ላይ በጥርስ የሚጠብቅ፣ ጎኑ የተበሳሳ አጭር ብረት ነው። ክላሽ ያየ ሰው ዘመዱን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣው፣ ኤኬኤም በሚባለው የተሻሻለ ክላሽ አፈሙዝ ጫፍ ላይ ሰያፍ ተቆርጦ የሚታየው ቁራጭ ጠመንጃው ወደ ላይና ወደ ቀኝ እንዳይዘል ይይዘዋል። የአደን ጠመንጃ ብሬክ ዋና ሥራው ግን ርግጫ መቀነስ ነው። የእኔ ጠመንጃ 30-06 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ነው። በአንዱ ጥይት ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ባሩድ አለ። ባሩዱ ተቃጥሎ ጋዝ ይሆንና ከአረሩ ኋላ ይወጣል፤ ያውም ከአረሩ በበለጠ ፍጥነት። ሰደፉ ትከሻችሁን ሲመታ ከምትቀበሉት ኃይል አንዱ ክፍል ከዚህ ጋዝ የመጣ ነው። ብሬኩ ጋዙን ይዞ ወደ ጎን፣ አንዳንዱም ወደ ኋላ ያስወጣዋል። ደህና የተሠራ ከሆነ ርግጫውን ከሲሶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

እኔም ይህን አግኝቻለሁ። ቃታ ስስብ ዓይኔን መጨፈን ትቻለሁ። ጥይቱ የት እንዳረፈም በስኮፑ፣ በማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ ውስጥ አያለሁ። ስለ ጥሩነቱ ይሄ ይበቃል።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ተኩሱ ግን ቆላ ነው፤ ጣርማ በርን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ቀወት። የአክስቴ ባል ጋሼ እዚያ ማሽላና ማሾ ያርሳሉ። ከርከሮና የዱር አሳማ ማሽላው እሸት ሲይዝ ይመጣሉ። አንድ መንጋ ባደረበት ማሳ ላይ ጠዋት የሚቀረውን ያየ ገበሬ ለምን እንደምንጠብቅ አይጠይቅም። የምተኩሰውም በፈቃድ ነው። ሥጋውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይነካውም፤ ጅብ ይወስደዋል። ሰብል ለማዳን ብቻ የሚደረግ ነገር ነው። (ከላይ መንዝ ጓሳ ያለው የዱር እንስሳ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ሕዝቡ ራሱ ለዘመናት የጠበቀው ነውና ጠመንጃ የሚነሣበት ቦታ አይደለም።)

አጠባበቃችን እንደ ድሮው ነው። ማማ ላይ እንወጣለን። ማማ ጠባብ ናት። ሦስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል፤ እኔ፣ ጋሼና ወንጭፍ የያዘው የቤቱ ልጅ። ከላያችን የሣር ክዳን አለ። ብሬኩን በዒላማ ላይ ስፈትሽ ሜዳ ላይ ነበርኩ፤ ብቻዬን፣ ጆሮዬን ደፍኜ። ድምፁ ጠንከር ማለቱን አውቄ ነበር። ማማው ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ጋዙ ወደ ጎን ይወጣል አልኳችሁ፤ ጎኔ ላይ ያሉት ጋሼ ናቸው። ስተኩስ ከክዳኑ አቧራ ረገፈብን። ጋሼ ሁለቱን ጆሮዎቻቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አልኳቸው።

«ምን አልክ? ጮክ በል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አንዱ ጆሯቸው ጭው እያለ ነው። መጀመሪያ ያልፋል አልን። አላለፈም። ሐኪም አየላቸው። የውስጥ ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ አንዴ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። እንግዲህ እኚህ ሰው ሌሊት የቅጠል ኮሽታ ሰምተው «መጣ» የሚሉኝ ነበሩ።

ቁጥሩን ከዚያ በኋላ ነው የፈለግኩት። ብሬክ የሌለው የአደን ጠመንጃ ሲተኮስ ድምፁ ከ150 ዴሲቤል በላይ ነው። እንዲህ ላለ ድንገተኛ ፍንዳታ ጆሮ ላይ አደጋ የሚጀምረው ከ140 ነው ይባላል። ብሬክ በተኳሹና አጠገቡ ባለው ሰው ጆሮ ላይ ከ5 እስከ 10 ዴሲቤል ይጨምራል። አምስት ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዴሲቤል አቆጣጠር 3 ሲጨመር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ 10 ሲጨመር አሥር እጥፍ። ይህን ሳጥኑ ላይ ፈለግኩት። ርግጫ በስንት ፐርሰንት እንደሚቀንስ በትልቁ ተጽፏል። ስለ ጆሮ ምንም የለም።

ሻጩ ይህን ቢያነብ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ጆሮ መድፈኛ አድርጉ» ይላል። እሺ። እኔ አደርጋለሁ፣ አድርጌም ነበር። ጋሼና ልጁ ግን ማማ ላይ የወጡት ለመስማት ነው። ጨለማ ውስጥ አሳማ በዓይን አይመጣም፤ በጆሮ ነው የሚመጣው። ጆሮውን የደፈነ ጠባቂ ቤቱ ቢተኛ ይሻለዋል። ዝቅ ያለውን ድምፅ አጉልቶ ፍንዳታውን የሚያፍን ባለባትሪ መከላከያ አለ፤ ጥሩ ነገር ነው። ለሦስት ሰው ሲገዛ ግን ዋጋው ስንት እንደሚሆን ሻጩ ራሱ ያስላው። ያም ተደርጎ ጠመንጃው 160 ገደማ እየጮኸ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መከላከያ ብዙ ትርፍ አይተውም። ከውስጥ መድፈኛ ከላይ ደግሞ የጆሮ ክዳን ቢደረግ ሁለቱ አይደመሩም፤ የሚጨምሩት 5 ያህል ነው።

«የውጭ አዳኞች ሁሉ ይጠቀሙበታል» የሚለውም ወሬ አለ። ይጠቀማሉ። እነሱን የሚመሩትን ሰዎች ግን ጠይቁ። አፍሪካ ውስጥ ደንበኛ ይዘው ጫካ የሚገቡ ባለሙያ አዳኞች ብዙዎቹ ብሬክ የተገጠመበት ጠመንጃ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተኳሹ አንዴ ተኩሶ አገሩ ይገባል። መሪው ግን ዕድሜውን ሙሉ የሚቆመው ከሰው ጠመንጃ ጎን ነው።

ብቻውን ለሚተኩስ፣ በተለይ ከ30-06 ከፍ ያለ ብዙ ባሩድ ያለው ጥይት ለያዘ ሰው፣ አትግዛ አልልም። ግን በደንብ ይምረጥ። እኔን መጀመሪያ ያስቸገረኝ ጥርሱ ነው። የእኔ አፈሙዝ ጥርስ 14 በ1 ሚሊ ሜትር ነው (ውፍረቱ 14፣ በጥርስና በጥርስ መካከል 1)፣ ወደ ቀኝ የሚጠብቅ። ሻጩ ያመጣልኝ የአሜሪካኖቹን ባለ 5/8 ኢንች ነበር፤ እሱ 16 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ላልቶ ይዞራል። ቀጥሎ «የክላሽም 14 በ1 ነው፣ ይገጥማል» አለኝ። ቁጥሩ ልክ ነው። የክላሽ ጥርስ ግን ወደ ግራ ነው የሚዞረው። በግድ ቢጠመዘዝ ጥርሱን ይበላዋል። እንደዚህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው ጠመንጃ ዕቃ ባይሸጥ ደስ ይለኛል።

ቀዳዳውንም ለኩ። የ30-06 አረር ውፍረት 7.82 ሚሊ ሜትር ነው። የብሬኩ መውጫ ከዚያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ ማለት አለበት። ከጠበበ ወይም ብሬኩ ተንጋዶ ከገባ አረሩ ብረቱን እየነካ ይወጣል፤ ያኔ ዒላማውን እርሱት። ከታች በኩል ቀዳዳ ያለውን ደግሞ ለቆላ አታስቡት። ደረቅ መሬት ላይ በደረታችሁ ተኝታችሁ ስትተኩሱ አቧራውን ሁሉ አንሥቶ ፊታችሁ ላይ ይመልሰዋል። የኔው የጎን ብቻ ነበር፤ እሱን በመምረጤ አልጸጸትም።

ሌላም አለ። ብሬክ ሲገባም ሲወጣም ጥይት የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ክብደት ጨምራችኋል፣ የበርሜሉ ንዝረት ይለወጣል። የእኔ በ100 ሜትር ላይ ሁለት ጣት ያህል ወረደ። ስለዚህ «ለልምምድ አድርገው፣ ለአደን ፍታው» የሚለው ምክር እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። በፈታችሁ ቁጥር ስኮፑን እንደገና ማስተካከል አለባችሁ፤ ጥይት ደግሞ እንደ ቆሎ የሚዘገን ነገር አይደለም።

አሁን ብሬኩ ወጥቷል፣ የጥርሱ መሸፈኛ ተመልሷል፣ ስኮፑም ያለ ብሬኩ ተስተካክሏል። ሰደፉ ላይ ወፍራም የላስቲክ ትራስ አስገጥሜያለሁ። የአረር ክብደት በሚለካበት በግሬን፣ ከ180 ወደ 150 ወርጃለሁ፤ ለአሳማ ከበቂ በላይ ነው፣ ርግጫውም ይቀላል። ሁለቱ ተደምረው የብሬኩን ያህል አያስታግሡም፤ ግማሽ መንገድ ያደርሱኛል። ትከሻዬ ትንሽ ያማል። ይመመኝ። ጋሼም ማማው ላይ መውጣት አልተዉም። በደህናው ጆሯቸው በኩል እንድቀመጥ ግን አይፈቅዱልኝም፤ እኔም አልጠይቃቸውም።