«ሲኤስኢኤስ» ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፕሮግራሚንግ ክበብ ምን ያህል ይጠቅማል?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፕሮግራሚንግ የሚያስተምር መምህር ብዙውን ጊዜ በግቢው ውስጥ ብቸኛው የሙያው ሰው ነው። የሚያማክረው ባልደረባ የለውም፤ ከ50 በላይ ተማሪዎች የጻፉትን ኮድ አንድ በአንድ አንብቦ ትክክለኛነቱን ለማረጋገጥ የሚበቃ ጊዜም አያገኝም። ተማሪዎቹን ለውድድር ማዘጋጀት ሲፈልግ ሸክሙ ይብሳል፤ ምክንያቱም የውድድር ጥያቄ ማውጣት ማለት ጥያቄውን መጻፍ ብቻ ሳይሆን ደካማውን መፍትሔ ከጠንካራው የሚለዩ የመፈተኛ ግብዓቶችን ማዘጋጀትም ነው። በኢንተርኔት የሚሠራው የፊንላንዱ «ሲኤስኢኤስ» (CSES) የፕሮግራሚንግ ጥያቄዎች ስብስብ ይህንን ሸክም ምን ያህል እንደሚያቃልል፣ የትኛውንስ ክፍል በመምህሩ ትከሻ ላይ እንደሚተው በኮምፒዩተር ክበብ ውስጥ ከሠራሁበት ልምድ ተነሥቼ ለመገምገም እሞክራለሁ።

አገልግሎቱ በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ያዘጋጀው በፕሮግራሚንግ ውድድር ዓለም ስሙ በሰፊው የሚታወቀው አንቲ ላክሶነን ነው። ተማሪው አካውንት ይከፍታል፣ ጥያቄውን ያነብባል፣ ኮዱን ይልካል፤ ሰርቨሩም ኮዱን በተዘጋጁት ግብዓቶች ሁሉ ላይ አስኪዶ በሰከንዶች ውስጥ ውጤቱን ይመልሳል። ገጾቹ ማስታወቂያና ከባድ ምስል የሌላቸው፣ በአብዛኛው ጽሑፍ ብቻ በመሆናቸው ኢንተርኔቱ በደከመበት ቀን እንኳ ይከፈታሉ። ለአንድ የኮምፒዩተር ላብራቶሪ (ላብ) በአንድ ስልክ ኢንተርኔት የሚያጋራ መምህር የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ስብስቡን ከሌሎች የሚለየው ትልቁ ጥንካሬ የጥያቄዎቹ አመራረጥ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ብንወስድ፣ ተማሪው አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ተጋማሽ ከሆነ ለሁለት ይካፈላል፣ ጎዶሎ ከሆነ በሦስት ተባዝቶ አንድ ይጨመርበታል፣ ይህም አንድ እስኪደረስ ድረስ ይቀጥላል። ከ3 የሚነሣ ተማሪ 3፣ 10፣ 5፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብሎ ይጨርሳል። «ከሆነ» (if) እና «እስከሆነ ድረስ» (while) የሚሉትን ትእዛዞች ገና የተማረ ልጅ እንኳ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሊጽፈው የሚችል ሥራ ነው። ሆኖም የሚሰጠው ቁጥር እስከ 1 ሚሊዮን ሊደርስ ስለሚችል በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በጃቫ የጻፈና ተራውን የኢንቲጀር (የሙሉ ቁጥር መያዣ) ዓይነት የተጠቀመ ተማሪ ኮዱ በትንንሾቹ ግብዓቶች ላይ አልፎ በትልልቆቹ ላይ ሲወድቅበት ያያል። ከ113,383 ሲነሣ ለምሳሌ ስሌቱ መሐል ላይ እስከ 2,482,111,348 ይወጣል፤ ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር ደግሞ ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ስለ ዳታ ዓይነቶች መጠን በሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ ተሥሎ የተሰጠ ትምህርት በማግስቱ ይረሳል፤ የገዛ ኮዱ በዚህ ምክንያት የወደቀበት ተማሪ ግን ሁለተኛ አይስተውም።

ከዚያ የሚከተለው ጥያቄ ደግሞ የውድድር ፕሮግራሚንግ ዋና ሐሳብ ወደሆነው ወደ ፍጥነት ያሸጋግራል። ከ1 እስከ 200,000 ሊደርሱ ከሚችሉ ቁጥሮች አንዱ ጎድሏል፤ የጎደለውን ፈልጉ ይላል። ብዙ ተማሪዎች በመጀመሪያ የሚያስቡት እያንዳንዱን ቁጥር በዝርዝሩ ውስጥ ከመጀመሪያ ጀምሮ መፈለግ ነው። ይህ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፤ ነገር ግን በትልቁ ግብዓት ላይ ወደ 20 ቢሊዮን የሚጠጋ ንጽጽር ስለሚጠይቅ የተሰጠው አንድ ሰከንድ አይበቃውም። ሰርቨሩ «የጊዜ ገደብ አልፏል» ብሎ ሲመልስ ተማሪው «መልሱ ልክ ነው፣ ታዲያ ለምን አልተቀበለኝም?» ብሎ ይጠይቃል፤ መምህሩም ስለ አልጎሪዝም ውስብስብነት፣ ማለትም ግብዓቱ ሲያድግ የአሠራሩ እርምጃዎች ምን ያህል እንደሚበዙ፣ ማስረዳት ያለበት በዚያች ሰዓት ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የተማሩት የተከታታይ ቁጥሮች ድምር ቀመር እዚህ በድንገት ሥራ ላይ ይውላል፤ ሊኖር ከሚገባው ድምር ላይ የተሰጡትን ቁጥሮች ድምር መቀነስ ብቻ ነው። የሒሳብ መምህሩን በዚያ ዕለት ወደ ክበቡ መጋበዝ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሌላው የማደንቀው ነገር ግልጽነቱ ነው። ተማሪው ኮዱ የወደቀበትን ግብዓትና ይጠበቅ የነበረውን ውጤት ከፍቶ ማየት ይችላል። ይህ ለጀማሪ የሚሰጠው ጥቅም በቀላሉ የሚገመት አይደለም። ምን እንደተሳሳተ ሳይነገረው «የተሳሳተ መልስ» የሚል ቃል ብቻ የሚመለስለት ተማሪ ተስፋ ቆርጦ ክበቡን ይተዋል፤ ግብዓቱን ያየ ግን በወረቀት ላይ ራሱ ሠርቶ ስሕተቱን ያገኛል። በእርግጥ ግብዓቱን አይቶ መልሱን በቀጥታ ኮዱ ውስጥ ለመጻፍ የሚሞክር አይጠፋም። ከዚህም በላይ የጥያቄዎቹ መፍትሔዎች በኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በቅጽበት ይጽፋቸዋል። ስለዚህ ኮዱ ማለፉን የሚያሳየውን አረንጓዴ ምልክት ማግኘት ብቻውን ነጥብ ማስገኛ መሆን የለበትም። እኛ ጋ የሚሠራው ደንብ ተማሪው ኮዱን በጓደኞቹ ፊት መስመር በመስመር እንዲያስረዳ ማድረግ ነው፤ ያልገባውን የገለበጠ ልጅ በሁለት ጥያቄ ይለያል።

ጉድለቶቹን ስንመለከት የመጀመሪያው፣ አገልግሎቱ ይፈትናል እንጂ አያስተምርም። ከጥያቄዎቹ ጋር የተያያዘ ማብራሪያ የለም፤ ያልቻለ ተማሪ መምህሩን ወይም ሌላ ምንጭ መፈለግ አለበት። አዘጋጁ ራሱ በነፃ የሚወርድ የውድድር ፕሮግራሚንግ መጽሐፍ አለው፤ የአሜሪካን የኮምፒዩቲንግ ኦሊምፒያድ ተከትለው ወጣቶች ያዘጋጁት «ዩሳኮ ጋይድ»ም ለበርካታ የሲኤስኢኤስ ጥያቄዎች ማብራሪያ ይሰጣል። ሁለቱም ግን በእንግሊዝኛ ናቸው፤ የጥያቄዎቹም ቋንቋ እንዲሁ። የጥያቄዎቹ እንግሊዝኛ አጭርና ቀላል ቢሆንም መምህሩ ጥያቄውን በአማርኛ አስረድቶ ናሙናውን ከተማሪዎቹ ጋር በእጅ ካልሠራ፣ የፕሮግራሚንግ ችሎታ ያለው ልጅ በቋንቋ ምክንያት ወደ ኋላ ይቀራል። ቼዝ ተጫውተው ለማያውቁ ተማሪዎች ደግሞ ስለ ፈረስና ንግሥት አረማመድ የሚጠይቁት ጥያቄዎች ተጨማሪ መግቢያ ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው ጉድለት በፓይተን ለሚጀምሩ ተማሪዎች ይብሳል። አገልግሎቱ ፓይተንን ይቀበላል፤ የጊዜ ገደቦቹ ግን ለሲ ፕላስ ፕላስ ፍጥነት የተመጠኑ ይመስላሉ። በመግቢያው ክፍል ብዙም ችግር አይገጥምም፤ ትልቁን ጥያቄ ከትንንሽ ጥያቄዎች መልስ ተነሥቶ ወደሚፈታው ዘዴ፣ ወደ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ፣ ሲደረስ ግን ሐሳቡ ፍጹም ትክክል የሆነ ኮድ በቋንቋው ዝግታ ብቻ ሊወድቅ ይችላል። ፓይፓይ የተባለውን የፓይተን ማስኬጃ መምረጥ ብዙውን ጊዜ ይረዳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ወደ ዓለም አቀፉ የኢንፎርማቲክስ ኦሊምፒያድ የማምራት ሕልም ያለው ተማሪ ከሆነ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ቀደም ብሎ መሻገሩ የተሻለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 በቡልጋሪያ የተጀመረው ይህ ውድድር በቅርብ ዓመታት የሚካሄደው በዚያ ቋንቋ ነውና። ውድድሩ ከአፍሪካ የራቀ እንዳይመስለን እ.ኤ.አ. በ1997 በኬፕታውን፣ በ2008 በካይሮ፣ በ2024 ደግሞ በእስክንድርያ መስተናገዱን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስብስቡ ለግል ልምምድ የተሠራ በመሆኑ የክፍሉን ውጤት በአንድ ላይ የማይበት መዝገብ አላገኘሁበትም፤ ማን የት እንደደረሰ በደብተር መያዝ ግድ ነው። የትምህርት ቤት ውድድር ለማዘጋጀት በሰዓት የተወሰነ ፈተናና የደረጃ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ በማይክ ሚርዛያኖቭ የተመሠረተው የፕሮግራሚንግ ውድድር ድረ ገጽ ኮድፎርስስ ይሻላል፤ መምህሩ ዝግ ቡድን ከፍቶ የራሱን ውድድር ሊያካሂድበት ይችላልና። የኮድፎርስስ መደበኛ ውድድሮች ብዙውን ጊዜ በሞስኮ ሰዓት ከቀኑ 11፡35 ይጀመራሉ፤ የሞስኮና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ ሌሊት መንቃት የለም። ነገር ግን በቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ በዚያ ሰዓት ላቡ ተዘግቶበታል፤ ርእሰ መምህሩ ላቡ በሳምንት አንድ ቀን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ክፍት እንዲሆን ቢፈቅዱ የሚከፈለው ዋጋ የአንድ ጥበቃና የአንድ መምህር ትርፍ ሰዓት ብቻ ነው። ትርፍ ሰዓቱ ደግሞ በእውነት ሊከፈል ይገባል። ክበቡን በፈቃደኝነት የሚመራ መምህር ኢንተርኔቱንም ከኪሱ እንዲከፍል ማድረግ አግባብ አይደለም፤ ብዙ ጎበዝ ክበቦችም የሚፈርሱት በዚህ ነው።

ይህን አገልግሎት መጀመር ለሚፈልግ ባልደረባ የምመክረው የመግቢያውን ክፍል ብቻ ለአንድ ሙሉ መንፈቅ እንዲይዝ ነው። በሳምንት ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ በመጀመሪያው ቀን ኮምፒዩተር ሳይከፈት ጥያቄው በሰሌዳ ላይ ይሠራል፣ በሁለተኛው ቀን ይጻፋል፣ ይላካል። እስከ 20 የሚደርሱ ፖሞችን በክብደታቸው ለሁለት እንዲከፈሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ ለመንፈቁ መጨረሻ ያቆዩት። ምርጫዎቹ ቢበዙ 1,048,576 ብቻ መሆናቸውን ተማሪዎቹ ራሳቸው አስልተው ሁሉንም መሞከር እንደሚቻል ሲደርሱበት፣ ወደ መደርደርና መፈለግ ክፍል ለመሻገር ዝግጁ ናቸው።