በቤት የተሠራ የዋንዛ ጠረጴዛ፣ የፈረንጅ ጥድ አልጋና የቺፑድ መደርደሪያ፦ ከ14 ወር በኋላ

ሦስቱም ዕቃዎች ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ለአዲስ ቤት ተሠርተው አንድ በጋና ሁለተኛ ክረምት አሳልፈዋል። ሁሉም በሥራ ላይ ናቸው፤ ግን አንዳቸውም ያለ እርማት አልቀሩም።

ጠረጴዛው 180 በ90 ሳንቲም ነው። ገጹ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲም ስፋት ባላቸው 6 የዋንዛ ጣውላዎች በኮላ የተጋጠመ ሲሆን፣ ውፍረቱ ተልጎ ካለቀ በኋላ 2.5 ሳንቲም ነው። እግሮቹ 7 በ7 ናቸው፤ በወንዴና ሴቴ ስለተጋጠሙ እስካሁን አይነቃነቁም። ስህተቱ ገጹ የታሰረበት መንገድ ላይ ነው፤ ከሥር በ10 ብሎኖች ድርቅ ተደርጎ ተጠብቆ ነበር። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በስፋቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በርዝመቱ የሚያሳየው ለውጥ ግን ከቁጥር አይገባም። ብሎኖቹ እንዳይሰበሰብ ስለያዙት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከጫፉ ተነሥቶ 40 ሳንቲም ያህል ተሰነጠቀ። ስንጥቁ የሄደው ከኮላው መስመር አጠገብ፣ በራሱ በጣውላው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ኮላው ጥፋት የለበትም። ብሎኖቹ ተፈትተው በጥር ሲለካ የገጹ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር ቀንሶ ነበር።

ጥገናው እንዲህ ነው። ብሎኖቹን በሙሉ መፍታት፣ በቀጭን ቢላ ኮላ ወደ ስንጥቁ ማስገባት፣ በሞርሳ ለ24 ሰዓት ማጥበቅ። ከዚያ የኤል ቅርጽ ባላቸው ማያያዣ ብረቶች ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በክብ ሞረድ በጠረጴዛው ስፋት አቅጣጫ 12 ሚሊ ሜትር እስኪሆኑ ማርዘም፤ ብሎኑንም በሰፊ ሮንዴላ፣ ገጹ መንሸራተት እስኪችል ያህል ብቻ ማጥበቅ። ስንጥቅን በመጋዝ ዱቄትና በኮላ መድፈን ብዙ ሰው የሚመክረው ነገር ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። ክረምት ሲመጣና እንጨቱ ሲያብጥ ሙሌቱ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሌላ ቦታ ይሰነጥቀዋል። ከተጠገነ ወዲህ ክረምቱን ምንም ሳይሆን አልፏል።

ቫርኒሹ እንጨቱ በ80፣ በ120 እና በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከተፈገፈገ በኋላ ሦስት እጅ ተቀብቷል። የገጹ ሥርም እኩል ሦስት እጅ መቀባት አለበት፤ አንድ ፊት ብቻ ከተቀባ ሌላው ፊት እርጥበት ቶሎ ስለሚስብ ገጹ ይጎብጣል። ከእሳት የወረደ ጀበና ያለ ማቶት ከተቀመጠ ነጭ ክብ ይተዋል። ምልክቱ ላይ ላዩን ከሆነ በ220 ቁጥር ቀስ አድርጎ ማሸትና አንድ እጅ ደግሞ መቀባት ይበቃል። ወለል በውኃ የሚታጠብ ከሆነ የእግሮቹን ጫፍ መርሳት አይገባም፤ የተቆረጠ ጫፍ ውኃን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ጫፉን በውኃ በቀጠነ ኮላ ሁለቴ ነክሮ፣ ሲደርቅ ላስቲክ መለጠፍ ችግሩን ጨርሶታል።

አልጋው ለ150 በ190 ፍራሽ የተሠራ ነው፤ 7 ሳንቲም ስፋት ያላቸው 15 ርብራቦች በ6 ሳንቲም ክፍተት ተደርድረዋል። በአራተኛው ወር መንሲጠጥ ጀመረ። የጎኑ ጣውላ ከራስጌው ጋር የተያያዘው ወደ ጣውላው ጫፍ በገቡ ብሎኖች ነበር፤ የጣውላ ጫፍ ላይ የብሎን ጥርስ አጥብቆ አይዝም። በዳዶ የሚጠበቅ ረጅም ብሎን ከተተካ ወዲህ ድምፅ የለም።

መደርደሪያው ከሦስቱ ደካማው ነው። 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ በ100 ሳንቲም ርቀት መጽሐፍ ሲሸከም መሐሉ ወደ 1 ሳንቲም ወረደ። መሐል ላይ ቋሚ ድጋፍ ገብቶ ርቀቱ 50 ሆነ፤ የጎበጡት ግን ተገልብጠው ተገጥመዋል፣ በራሳቸው አይቃኑም። ቺፑድ ላይ አንዴ የተፈታ ብሎን በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ ስለማይይዝ ቦታ መቀየር ግድ ነው። ጀርባው ደግሞ ሻግቶ ነበር፤ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ለወራት እርጥበት ይተፋልና ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሳንቲም ይራቅ።

ዋንዛ ስትገዙ ነጣ ያለውን የዳር ክፍል አትቀበሉ። ነቀዝ የሚገባው እዚያ ነው፤ ከሥሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ ካያችሁ ያን ክፍል ቆርጣችሁ ተኩት።